ማን ይቅደም? የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ቅድመ ምርጫ የወረፋ ጥያቄ

የፖቶማክ ወንዝ ቨርጂኒያን ከሜሪላንድና ከዋሽንግተን ዲሲ ይለያል። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ፣ በአሌክሳንድሪያም በሲልቨር ስፕሪንግም፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ለሠርግና ለለቅሶ ድልድዩን ይሻገራሉ፤ በአንድ ዕድር የሚረዳዱም አሉ። ዜግነት ያገኙት ግን የፓርቲያቸውን ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ሲመርጡ ቀናቸው ይለያያል። በ2024 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቨርጂኒያ ድምፅ የሰጠችው ማርች 5 ቀን ነው። ሜሪላንድ ሜይ 14፣ የዲሲ ዴሞክራቶች ደግሞ ጁን 4 መረጡ። በመካከሉ፣ ማርች 12 ቀን፣ ጆ ባይደንም ዶናልድ ትራምፕም ለዕጩነት የሚበቃቸውን የልዑካን ቁጥር አሟልተው ነበር። የአሌክሳንድሪያው ሪፐብሊካን መራጭ ኒኪ ሄሊን ከትራምፕ ጋር አመዛዝኖ ለመምረጥ ችሏል። ሄሊ በቨርጂኒያ ምርጫ ማግስት ከውድድሩ ሲወጡ የሲልቨር ስፕሪንጉ ወዳጁ ወረፋ ሊደርስ ገና ከሁለት ወር በላይ ይቀረው ነበር።

ይህ ልዩነት የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በ2008 ሦስቱ ጎረቤታሞች ፌብሩዋሪ 12 ቀን አንድ ላይ መርጠዋል። የባራክ ኦባማና የሂላሪ ክሊንተን ፉክክር ገና አልለየለትም ነበርና ዕጩዎቹ አካባቢውን አጥብቀው ይፈልጉት ነበር፤ ኦባማ ሦስቱንም አሸነፉ። ያው ሕዝብ፣ ያው ወንዝ፣ የተለየ ቀን። ከዚህ የሚነሳው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ወረፋውን የሚያወጣው ማን ነው? መልሱ ግን መቶ ዓመት የተሻገረ ክርክር ውስጥ ይከተናል።

አሠራሩን በአጭሩ እናንሳ። እያንዳንዱ ፓርቲ በበጋ ወራት ጉባኤ ጠርቶ ዕጩውን ይሰይማል። በጉባኤው ድምፅ የሚሰጡት ልዑካን ከየክፍለ ግዛቱ የሚመደቡት በቅድመ ምርጫ ወይም ኮከስ በሚባለው የአባላት ስብሰባ ውጤት ነው። ቅድመ ምርጫው ከጃንዩዋሪ እስከ ጁን ይዘልቃል። የትኛው ግዛት መቼ እንደሚመርጥ ግን ሕገ መንግሥቱ አንድም ቃል አይናገርም፤ ሰነዱ ሲጻፍ ፓርቲ የሚባል ነገር አልታሰበም። ስለዚህ ቀኑን አንዳንድ ቦታ የግዛቱ ምክር ቤት፣ አንዳንድ ቦታ አንድ ባለሥልጣን፣ ሌላ ቦታ ፓርቲው ራሱ ይቆርጣል፤ ብሔራዊ ፓርቲዎቹ ደግሞ ከላይ ሆነው ደንብ ያወጣሉ፣ ይቀጣሉ፣ ብዙ ጊዜም ይቅር ይላሉ።

ሕዝቡ በቅድመ ምርጫ መሳተፍ የጀመረው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ነው። በ1912 ቴዎዶር ሩዝቬልት ከሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫዎች አብዛኞቹን አሸንፈው ሳለ ጉባኤው ዊሊያም ታፍትን ሰየመ። በቀጣዩ ዓመት ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ለፌዴራሉ ምክር ቤት ባደረጉት ዓመታዊ ንግግር በመላ አገሪቱ ቅድመ ምርጫ እንዲደረግ የሚያዝ ሕግ ጠየቁ። ሕጉ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቅድመ ምርጫ ማሳያ እንጂ መወሰኛ አልነበረም፤ ውሳኔው በፓርቲ አለቆች እጅ ነበር።

ያንን ዘመን የዘጋው 1968 ነው። በቬትናም ጦርነት የተቆጡት ሴናተር ዩጂን መካርቲ ማርች 12 ቀን በኒው ሃምፕሸር 42 በመቶ ያህል ድምፅ ሲያገኙ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በወሩ መጨረሻ እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። ሮበርት ኬኔዲ ጁን ላይ ካሊፎርኒያን ባሸነፉበት ሌሊት ተተኮሰባቸው። በኦገስት፣ ከቺካጎው የዴሞክራቶች ጉባኤ ውጭ ፖሊስ ሰልፈኞችን ሲደበድብ፣ በአንድም ቅድመ ምርጫ ያልተወዳደሩት ሁበርት ሃምፍሪ በአለቆቹ ድጋፍ ዕጩ ሆኑ። ከዚያ ውርደት በኋላ በሴናተር ጆርጅ መክገቨርን፣ ቀጥሎም በዶናልድ ፍሬዘር የተመራ ኮሚሽን የልዑካን አመራረጥ ግልጽና ለአባላት ሁሉ ክፍት እንዲሆን ደነገገ። ኮሚሽኑ ቅድመ ምርጫ አድርጉ ብሎ አላዘዘም፤ ግዛቶቹ ግን ደንቡን ለማሟላት የቀለላቸው ያ ነበር። ሥልጣኑ ከአለቆች ወደ መራጩ ተላለፈ። መራጩ በምን ቅደም ተከተል ይምረጥ የሚለውን ግን ማንም አላሰበበትም፤ ዛሬ የምናየው ችግር ሁሉ ከዚያ ክፍተት የፈለቀ ይመስለኛል።

አዮዋ ቀዳሚ የሆነችው እንዲሁ በአጋጣሚ ነው። የኮከስ ሥርዓቷ ከቀበሌ ወደ ካውንቲ፣ ከዚያ ወደ ምክር ቤት ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ግዛቱ ጉባኤ የሚወጣ ስለሆነ አዲሱን ደንብ ለማክበር በጊዜ መጀመር ነበረባት፤ በ1972 ጃንዩዋሪ 24 ቀን ጀመረች። ብዙም ልብ ያላት ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል። በ1976 ግን የጆርጂያው የቀድሞ ገዥ ጂሚ ካርተር ቤት ለቤት እየዞሩ 28 በመቶ ያህል አገኙ። «ገና አልወሰንኩም» ያለው ወገን ከእሳቸው በልጦ 37 በመቶ ነበር፤ ሆኖም ጋዜጦች ካርተርን አሸናፊ አሏቸው፤ በዓመቱም ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ አዮዋን የሚንቅ ዕጩ ጥቂት ነው። ኒው ሃምፕሸር ደግሞ ከ1920 ጀምሮ ይዛው የቆየችውን ቀዳሚነት በ1975 በሕግ አሰረችው፤ ቅድመ ምርጫዋ ከማንኛውም ተመሳሳይ ምርጫ ቢያንስ 7 ቀን እንዲቀድም ደነገገች። ቀኑን የመቁረጥ ሥልጣን ለግዛቱ ጸሐፊ የተሰጠ ሲሆን ዊሊያም ጋርድነር ከ1976 እስከ 2022 በዚህ ወንበር ተቀምጠው ሌሎች በገፉ ቁጥር የራሳቸውን ቀን ወደፊት ሲያመጡ ኖረዋል።

ስለነዚህ ሁለት ግዛቶች ፍትሐዊ መሆን ይገባል። የኒው ሃምፕሸር መራጭ ዕጩን በአንድ ክረምት ሦስቴ አራቴ አግኝቶ፣ እጁን ጨብጦ፣ አፋጥጦ ይጠይቃል። ገንዘብ የሌለው ሰው እዚያ ሊደመጥ ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንኛውም ማሻሻያ ሊያጣው አይገባም። ግን ሁለቱም አነስተኛ ሕዝብ ያላቸው፣ ነዋሪዎቻቸው እጅግ በብዛት ነጮች የሆኑ ግዛቶች ናቸው። የአዮዋ ገበሬ ከበቆሎ በሚመረተው ኢታኖል ላይ ያለው ጥቅም ለአሥርተ ዓመታት ብሔራዊ አጀንዳ ሆኖ ኖሯል፤ ጆን መኬን በ2000 ድጎማውን በመቃወማቸው ኮከሱን ዘለውት አልፈዋል። የከተማ ኪራይ ወይም የሕዝብ ትራንስፖርት ጉዳይ እንዲህ ያለ ጠበቃ አግኝቶ አያውቅም።

ሌሎቹ ግዛቶች ይህን እያዩ ዝም አላሉም። የደቡብ ግዛቶች በ1988 ማርች 8 ቀን ተሰባስበው መረጡ፤ ዓላማቸው ዴሞክራቶች ለዘብተኛ የደቡብ ሰው እንዲያቀርቡ ማስገደድ ነበር። የሆነው ተገላቢጦሽ ነው። ጄሲ ጃክሰንና አል ጎር ደቡብን ተካፈሉት፤ የማሳቹሴትሱ ማይክል ዱካኪስ ቴክሳስንና ፍሎሪዳን ወስደው ዕጩ ሆኑ። ሱፐር ቱስዴይ የሚባለው ማክሰኞ ግን ጸና፣ ሰፋም። በየአራት ዓመቱ የመቅደም ሽሚያው ባሰ፤ ካሊፎርኒያ ከጁን ወደ ማርች፣ ከማርች ወደ ፌብሩዋሪ ሄደች፤ ተመልሳ ጁን፣ እንደገና ማርች ገባች። በ2008 አዮዋ ጃንዩዋሪ 3 ቀን፣ የአዲስ ዓመት ማግስት ሊባል በሚችል ጊዜ መረጠች፤ ፌብሩዋሪ 5 ቀን ደግሞ ሃያ አራት ያህል ግዛቶች በአንድ ቀን ተጋፉ። ከዚህ ሁሉ ግፊያ በኋላ ትኩረቱን ያገኙት ሳይንቀሳቀሱ የቆዩት ሰሜን ካሮላይናና ኢንዲያና ነበሩ፤ ሜይ 6 ቀን ላይ ኦባማና ክሊንተን የሚሄዱበት ሌላ ቦታ ስላልነበራቸው ሳምንታት እዚያ አሳለፉ። መቅደም ሁሉ ጥቅም አያመጣም፤ ከብዙ ሰው ጋር መቅደም ከመቅረት አይሻልም።

ቅደም ተከተል ሥልጣን መሆኑን የሚያሳይ ጥናትም አለ። ብራያን ናይትና ናታን ሺፍ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ሥራ የ2004ቱን የዴሞክራቶች ውድድር መርምረው፣ ቀድሞ የሚመርጥ ሰው ዘግይቶ ከሚመርጠው እስከ አምስት እጥፍ ተጽዕኖ እንደነበረው ደርሰውበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ውጤት ዜና ይሆናል፤ ዜናው ለጋሽ ያመጣል፤ የተሸነፈው ዕጩ ገንዘቡ ይነጥፍና ይወጣል። የዘገየው መራጭ ወረቀቱን ሲያገኝ ምርጫው ጠብቦ፣ ብዙ ጊዜም ተዘግቶ ይቆየዋል። በ1968 ማርች 12 የኒው ሃምፕሸር ምርጫ የሆነበት፣ ውድድሩ ገና የጀመረበት ቀን ነበር፤ በ2024 ማርች 12 የሁለቱም ፓርቲዎች ውድድር ያለቀበት ቀን ሆነ። የ2024ቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ በሥልጣን ላይ ያሉ፣ ሌላው የቀድሞ ፕሬዚዳንት በመሆናቸው ውድድሩ በተለየ ሁኔታ ፈጥኗል፤ እንዲህም ሆኖ አቅጣጫው አይስትም።

የጊዜ ጉዳይ ሲነሳ ኮከስን ሳይነኩ ማለፍ አይቻልም። ኮከስ በተወሰነ ሰዓት በአካል ተገኝቶ መቆየትን ይጠይቃል። በላስ ቬጋስ ታክሲ የሚነዱና በሆቴልና በካዚኖ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን በደንብ ያውቁታል፤ በሺፍት የሚሠራ ሰው ሰዓቱ የራሱ አይደለም። በ2008 የኔቫዳ ዴሞክራቶች ቅዳሜ ቀን ለጠሩት ኮከስ በካዚኖዎቹ ጎዳና ላይ ለሠራተኞች ዘጠኝ ልዩ ጣቢያዎች የከፈቱት ለዚህ ነው፤ እሱንም ለማስቆም ክስ ቀርቦ ነበር፣ አልተሳካም። ኔቫዳ በ2021 ሕግ አውጥታ ወደ መደበኛ ቅድመ ምርጫ ተሻገረች። በ2024 ግን የግዛቷ ሪፐብሊካን ፓርቲ ሕጉ ካዘዘው ምርጫ ጎን የራሱን ኮከስ አካሄደ፤ ሄሊ በአንዱ፣ ትራምፕ በሌላው ተወዳደሩ፤ ልዑካን የሚያስገኘው ኮከሱ ብቻ ነበር። ሄሊ ያሉበትን ምርጫ ያሸነፈው «ከእነዚህ ማንንም አልመርጥም» የሚለው ሳጥን ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት ምርጫ ተደርጎ አንድም እውነተኛ ፉክክር አልታየበትም። አዮዋም በ2020 ውጤቱን የሚያስተላልፈው የስልክ መተግበሪያ ተበላሽቶባት አገር ምድሩ ለቀናት አሸናፊ ሳያውቅ ቆይቷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከቀረቡት ሐሳቦች ቀላሉና ብዙ ሰው ቶሎ የሚወደው፣ መላ አገሪቱ በአንድ ቀን ትምረጥ የሚለው ነው። እኩልነቱ ያስደስታል፤ የአሌክሳንድሪያውም የሲልቨር ስፕሪንጉም በአንድ ቀን ይሰለፋሉ። እኔ ግን አልደግፈውም። በአንድ ቀን ሃምሳ ግዛት መድረስ የሚችለው ስሙ አስቀድሞ የታወቀ ወይም የማስታወቂያ ገንዘብ የተትረፈረፈው ብቻ ነው። ካርተርም ሆኑ ኦባማ እንዲህ ባለ ሥርዓት ሊወጡ መቻላቸው ያጠራጥረኛል። ሌላም አለ፤ በ2020 ዴሞክራቶች ከሃያ በላይ ተወዳዳሪ ነበራቸው፤ በአንድ ቀን ምርጫ ከመራጩ አራት አምስተኛው ያልፈለገው ሰው አሸናፊ ሊሆን ይችል ነበር። ወር በወር እየተንጓለለ የሚሄድ ውድድር መራጩ ስለ ዕጩ የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው፤ ይህን ማጥፋት ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

የግዛት ጸሐፊዎች ብሔራዊ ማኅበር በ1999 ያቀረበው አገሪቱን በአራት ክልል ከፍሎ ከማርች እስከ ጁን በየወሩ አንዱ እንዲመርጥ፣ ቀዳሚው ክልልም በየምርጫው እንዲቀያየር ነው፤ አዮዋና ኒው ሃምፕሸር ግን ቦታቸውን ይዘው ይቀጥላሉ። ካርተር ራሳቸውና ጄምስ ቤከር የመሩት ኮሚሽንም በ2005 ወደዚህ አዘንብሏል። ሐሳቡ መዞርን ስላስገባ መልካም ነው። ጉድለቱ የመጀመሪያው ዙር ገና ሲጀመር የአገሪቱን ሩብ መያዙ ነው፤ በደቡብ የተወለደ ዕጩ ደቡብ በሚቀድምበት ዓመት፣ በምዕራብ የተወለደው ምዕራብ በሚቀድምበት ዓመት በዕድል ይታደላል።

የደላዌር ዕቅድ የሚባለው ሌላ መንገድ ያዘ፤ ትናንሽ ግዛቶች በመጀመሪያ፣ ትላልቆቹ በመጨረሻ። ትልልቆቹ እስኪደርሱ ማንም ማሸነፊያውን ቁጥር ስለማይሞላ ውድድሩ ሳይዘጋ ይቆያል። የሪፐብሊካን ብሔራዊ ኮሚቴ በ2000 ደግፎት ሳለ በፊላደልፊያው ጉባኤ የደንብ ኮሚቴ ውስጥ ወደቀ፤ የጆርጅ ቡሽ የምርጫ ዘመቻ አልፈለገውም ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ደንቡን ለመለወጥ አቅም ያለው በነባሩ ደንብ ያሸነፈው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ያበላውን ሥርዓት የሚነካበት ምክንያት የለውም።

እኔን የሚያሳምነኝ ቶማስ ጋንጋሌ የነደፉት፣ የካሊፎርኒያ ዕቅድ ወይም የአሜሪካ ዕቅድ እየተባለ የሚጠራው ነው። አሥር ዙር አለው፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ። የመጀመሪያው ዙር በድምሩ ስምንት የምክር ቤት ወረዳ ብቻ ያላቸውን ጥቂት ግዛቶች ይይዛል፤ ከዚያ እየሰፋ ይሄዳል። የትኞቹ ግዛቶች በየትኛው ዙር እንደሚገቡ የሚወሰነው በዕጣ ነው። የኒው ሃምፕሸር በጎ ነገር፣ ያልታወቀ ሰው በእግሩ ዞሮ መደመጥ መቻሉ፣ ይጠበቃል፤ ነገር ግን ያ ዕድል አንድ ጊዜ ለሜይን፣ አንድ ጊዜ ለኒው ሜክሲኮ፣ አንድ ጊዜ ለሃዋይ ይደርሳል። ትችት አይጠፋበትም፤ በዕጣ የወጡት ግዛቶች ተራርቀው ዕጩዎቹን በአውሮፕላን ሊያንከራትቱ ይችላሉ። በዚህ ረገድ በአንድ ዙር የሚወጡትን ጎረቤታሞች ማድረግ፣ ለምሳሌ ቨርጂኒያን፣ ሜሪላንድንና ዲሲን እንደ 2008 አንድ ላይ ማሰር፣ ዕቅዱን ሳያፈርስ የሚጨመር ነው።

የትኛውም ዕቅድ ቢመረጥ የሚቀር አንድ ጉዳይ አለ፤ ክርክሮቹ ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ዛሬ በብዙ ግዛቶች መራጩ ከምርጫው ቀን ሳምንታት አስቀድሞ በፖስታ ድምፁን መላክ ይችላል። በ2020 ፒት ቡቲጀጅ እሑድ፣ ኤሚ ክሎቡሻር ሰኞ ወጡ፤ ማክሰኞ ሱፐር ቱስዴይ ነበር። በካሊፎርኒያና በሌሎችም ግዛቶች ለሁለቱ አስቀድሞ የተላከው ድምፅ ተመልሶ አይስተካከልም፤ ባክኖ ቀረ። በጊዜ ለመምረጥ የተጋ ሰው ይበልጥ መጎዳቱ ልክ አይደለም። መፍትሔው ከባድ አይደለም። መራጩ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ ደረጃ ይስጥ፤ የመጀመሪያው ከወጣ ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይሂድ። በዚያው በ2020 የአላስካ፣ የሃዋይ፣ የካንሳስና የዋዮሚንግ ዴሞክራቶች በቅድመ ምርጫቸው ይህን ተጠቅመውበታል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ፤ ማን ይወስናል? የፌዴራሉ ምክር ቤት በሕግ ሊያዝዝ ይችላል የሚሉ አሉ፤ የፓርቲ የውስጥ ጉዳይ ነው፣ አይችልም የሚሉም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 በዊስኮንሲን ጉዳይ ብሔራዊ ፓርቲው ደንቡን ጥሰው የተመረጡ ልዑካንን እንዲቀበል አይገደድም ብሏል። ስለዚህ እውነተኛው መሣሪያ በፓርቲዎቹ እጅ ነው፤ ልዑካንን አለመቀበል። መሣሪያው ግን ዶልዱሟል። በ2008 ፍሎሪዳና ሚሺጋን ከተፈቀደላቸው ቀን ቀድመው መረጡ። የዴሞክራቲክ ፓርቲ መጀመሪያ ልዑካናቸውን ሙሉ በሙሉ ሰረዘ፤ ሜይ 31 ቀን ለእያንዳንዱ ልዑክ ግማሽ ድምፅ ሰጠ፤ በጉባኤው ላይ ደግሞ ሙሉውን መለሰ። በኖቬምበር የሁለቱ ግዛቶች መራጭ ያስፈልጋላ!

የ2024ቱ ሙከራም ይህንኑ ያሳያል። ባይደን በ2020 በአዮዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሸር አምስተኛ ወጥተው ሳለ ደቡብ ካሮላይና፣ በተለይም የጥቁር መራጮቿ ድምፅ፣ ነፍስ ዘራባቸው። ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ፓርቲያቸው ደቡብ ካሮላይናን በፌብሩዋሪ 3 ቀዳሚ አደረገ፤ ኔቫዳና ኒው ሃምፕሸር፣ ጆርጂያ፣ ሚሺጋን እንዲከተሉ ወሰነ። ለፓርቲው ከሁሉ የታመነው ማኅበረሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ተቀመጠ፤ ይህን በበጎ አየዋለሁ። ነገር ግን ወረፋውን ያወጡት በዚያው ወረፋ የሚጠቀሙት ሰው መሆናቸው ማሻሻያውን አሳነሰው። የጆርጂያ ቀን በሪፐብሊካን ባለሥልጣን እጅ ስለነበር ማርች ላይ ቀረ። ኒው ሃምፕሸር ሕጓን ጠቅሳ ጃንዩዋሪ 23 መረጠች። ባይደን ስማቸው በወረቀቱ ላይ ባይኖርም ደጋፊዎቻቸው በእጃቸው ጽፈው አሸናፊ አደረጓቸው፤ ፓርቲውም በኋላ ከግዛቷ ጋር ታርቆ ልዑካኗን ተቀበለ።

ከዚህ ሁሉ የሚታየኝ ማሻሻያው ዘወትር የሚወድቀው በይዘቱ ሳይሆን በሰዓቱ ነው። ለሚቀጥለው ምርጫ የሚወጣ ደንብ ሁሉ ለአንድ ዕጩ ይጠቅማል፣ ሌላውን ይጎዳል ተብሎ ይሰላል። ስለዚህ ሁለቱ ብሔራዊ ኮሚቴዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ለ2036 ይወስኑ፤ ያኔ ማን እንደሚወዳደር ዛሬ ማንም አያውቅም። ዕጣው በይፋ ይውጣ፤ ውጤቱ ለሁለቱም ፓርቲ አንድ ይሁን። አንድ ግዛት ቀኑን ለሪፐብሊካን አንድ፣ ለዴሞክራት ሌላ አድርጎ ምርጫ ማካሄድ ወጪ ስለሆነበት፣ ሁለቱም ከተስማሙ የግዛት ምክር ቤቶች ሕጋቸውን ለማስተካከል ጊዜም ምክንያትም ይኖራቸዋል። ኒው ሃምፕሸር እምቢ ብትል ልዑካኗ ለጉባኤው አዳራሽ መግቢያ እንደማይሰጣቸው ከአሁኑ ይጻፍ፤ ኦገስት ሲደርስም፣ የኖቬምበር ስጋት ቢያይልም፣ ሁለቱም ኮሚቴዎች የጻፉትን አይሰርዙት።